ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሕክምና ትምህርት፤ የተማሪው ፍርድ ከመሣሪያው መልስ ስለ መቅደሙ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚባለው መሣሪያ፣ ለሕክምና ትምህርት በዋለ ጊዜ የሚያስነሣቸውን የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ለተማሪ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን በአጭሩ መግለጽ ነው። መሣሪያው ሐኪሙን ይተካል ወይስ አይተካም የሚለው ክርክር በየቦታው ይሰማል። የእኛ ጥያቄ ግን ከዚህ የጠበበ ነው። ይኸውም፤ ገና ሐኪም ያልሆነ፣ እውነቱን ከስሕተቱ ለመለየት በመማር ላይ ያለ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ በሚሳሳት መሣሪያ ሲማር ምን ይደርስበታል? ጉዳቱስ በመጨረሻ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? የሚል ነው።

በሌላው ትምህርት ዘንድ የተማሪ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚጐዳው ተማሪውን ነው፤ ቢበዛ ፈተና ይወድቃል። በሕክምና ግን ዛሬ በትክክል ያልተማረው ተማሪ ከጥቂት ዓመት በኋላ በአንድ ጤና ጣቢያ ብቻውን ተረኛ ይሆናል። ዋጋውንም የሚከፍለው ስለ ትምህርቱ አካሄድ ማንም አስተያየቱን ያልጠየቀው ሕመምተኛ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ለተማሪውና ለመምህሩ ምቹ መሆኑ ብቻ ለመጠቀም በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የነገሩ አመጣጥ

ሕክምናን በኮምፒዩተር ለማስተማር መሞከር የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሾርትሊፍና ባልደረቦቹ ማይሲን የተባለ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። የፕሮግራሙ ተግባር በደም ውስጥ የገባን የባክቴሪያ ኢንፌክሽንና ማጅራት ገትርን መርምሮ ተስማሚውን መድኃኒት መምከር ነበር። ዕውቀቱም የተጻፈው «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» በሚሉ በመቶ በሚቈጠሩ ደንቦች ነው። ከዚያ በኋላ ዊልያም ክላንሲ የተባለ ተመራማሪ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ዕውቀት ለተማሪዎች ማስተማሪያ ለማድረግ ጋይደን የሚባል ሌላ ፕሮግራም አዘጋጀ።

ክላንሲ በዚህ ሥራ ላይ ሳለ የተገነዘበው ነገር እስከ ዛሬ ትምህርት ሊሆነን ይችላል። ከማይሲን ደንቦች አንዱ ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቴትራሳይክሊን እንዳይሰጥ የሚከለክል ነበር። ደንቡ ትክክል ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ በማደግ ላይ ካለ አጥንትና ጥርስ ጋራ ተዋሕዶ የጥርስን ቀለም የሚያበላሽ መሆኑ፣ ማለት የደንቡ ምክንያት፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ጨርሶ አልተጻፈም ነበር። መድኃኒት ለመምረጥ ደንቡ ብቻውን ይበቃል፤ ለማስተማር ግን አይበቃም። ምክንያቱን ያላወቀ ተማሪ ደንቡን መቼ አጥብቆ መያዝ፣ የሞት የሽረት ጉዳይ ሲሆንም መቼ መተው እንደሚገባው ሊያውቅ አይችልም። ከዚህ የምንረዳው በትክክል የሚመልስ ሁሉ በትክክል ሊያስተምር የማይችል መሆኑን ነው።

የዛሬዎቹ መሣሪያዎች አሠራራቸው ከማይሲን የተለየ ነው። ደንቡን አንድ በአንድ የሚጽፍላቸው ሰው የለም። እጅግ ብዙ ከሆነ ጽሑፍ ላይ ቃል ቃልን እንዴት እንደሚከተል ተምረው፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን እየገመቱ መልስ ያቀናብራሉ። በ1923 ወይም በ1953 የኖረ መምህር ቢሰማ የማያምነውን ነገር እኛ በ2023 አይተናል። ይኸውም በዚያ ዓመት በታተመ ጥናት ቻትጂፒቲ የተባለው መሣሪያ የአሜሪካ ሐኪሞች የሥራ ፈቃድ ለማግኘት የሚፈተኑትን ፈተና በማለፊያው ነጥብ፣ ማለት በ60 ከመቶ፣ አካባቢ መመለሱ ተገለጸ። መሣሪያዎቹ ምክንያት ሲጠየቁም ምክንያት ይሰጣሉ፤ ያውም በተቃና ቋንቋ። ሆኖም ምክንያቱ ራሱ በዚያው በግምት መንገድ የተቀናበረ ጽሑፍ ስለ ሆነ፣ ንግግሩ መስተካከሉ ነገሩ እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የማይሲን ጉድለት ምክንያቱን አለመናገሩ ነበር። የዛሬው መሣሪያ ጉድለት ደግሞ ለእውነቱም ለሐሰቱም እኩል የሚያምር ምክንያት መስጠቱ ነው።

፪. የማይካድ ጥቅሙ

ወደ ጉዳቱ ከመሄዳችን በፊት ጥቅሙን በትክክል መመዘን ይገባናል፤ መሣሪያውን መከልከልም ራሱን የቻለ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣልና።

በሕክምና ትምህርት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ያልተፈታ አንድ ችግር አለ። ተማሪው ሳይለማመድ ሐኪም ሊሆን አይችልም፤ የሚለማመደውም በሰው ላይ ነው። በብዙ አገር የማስተማሪያ ሐኪም ቤቶች አልጋ ላይ የሚተኙት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሌላቸው ሰዎች ስለ ሆኑ፣ ተማሪው የጀመረበትንና የተንቀጠቀጠበትን ምርመራ የሚሸከመው ድኻው ነው። አንድ የሆድ ሕመምተኛ ስድስት ተማሪዎች ተራ በተራ ሆዱን ሲጫኑት ዝም የሚለው ተስማምቶ ነው ወይስ እምቢ ብል አልታከምም ብሎ ፈርቶ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቀላል አይሆንም። እንደ ሕመምተኛ ሆኖ የሚጠየቅና የሚመልስ ፕሮግራም ሲገኝ ተማሪው የሕመም ታሪክ አጠያየቅን አሥር ጊዜም ቢሆን ማንንም ሳያሠቃይ ሊደጋግም ይችላል።

ደግሞም መምህራን ጥቂቶች፣ ተማሪዎችም ብዙዎች በሆኑበት ቦታ፣ በጉባኤ መካከል ለመጠየቅ የሚያፍር ተማሪ ማታ ብቻውን ሲያጠና የሚጠይቀው አንድ ነገር ማግኘቱ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ስለዚህ ክርክራችን መሣሪያው ይግባ ወይስ አይግባ በሚለው ላይ አይደለም። በተግባር ገብቷል። ክርክራችን በምን ቅደም ተከተልና በማን ኀላፊነት ይሁን በሚለው ላይ ነው።

፫. ለጀማሪው ለይቶ የመጣ አደጋ

ከሁሉ ይልቅ ልናተኵርበት የምንወደው ይህ ክፍል ነው። በጀርመን አገር በኮሎኝ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2023 አንድ ሙከራ አሳትመዋል። 27 የራጅ ሐኪሞች የጡት ራጅ ሥዕሎችን እየተመለከቱ ለካንሰር የሚያሠጋውን ከማያሠጋው በደረጃ እንዲለዩ ተደረገ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋራ «ይህ የመሣሪያው አስተያየት ነው» የተባለ ደረጃ ይቀርብላቸው ነበር። ከአስተያየቶቹ አንዳንዶቹ ግን ሆን ተብሎ የተሳሳቱ ነበሩ።

ውጤቱ እንደሚከተለው ነበር። አስተያየቱ ትክክል በሆነ ጊዜ ጀማሪዎቹም ነባሮቹም ከመቶ 80 በሚያህለው ሥዕል ላይ ትክክለኛውን ደረጃ ሰጡ። ያን ጊዜ ጀማሪውን ከነባሩ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። አስተያየቱ ስሕተት በሆነ ጊዜ ግን የጀማሪዎቹ ትክክለኛ ፍርድ ከመቶ ወደ 20 ወረደ። መካከለኛ ልምድ ያላቸውም ወደ 25 ወረዱ። ብዙ ዓመት የሠሩት ሐኪሞች እንኳ ከመቶ 82 ወደ 45 ገደማ ዝቅ አሉ።

ከዚህ ሙከራ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ከመሣሪያው ስሕተት የሚያድነው ልምድ መሆኑ ነው፤ እርሱም ቢሆን በሙሉ አያድንም። ሁለተኛውና ለመምህራን ይበልጥ የሚያሳስበው፣ መሣሪያው ትክክል በሆነበት ቀን ያላወቀው ካወቀው ጋራ አንድ መስሎ መታየቱ ነው። መምህሩ የተማሪውን ጥሩ መልስ አይቶ «ይህ ልጅ ገብቶታል» ሊል ይችላል፤ እውነቱ ግን የገባው ነገር ላይኖር ይችላል። ልዩነቱ የሚገለጠው መሣሪያው በተሳሳተበት ቀን ነው። ያ ቀን የሚደርሰውም ምናልባት ከምረቃ በኋላ፣ ሕመምተኛው ፊት ይሆናል።

ሌላው ማስረጃ የመጣው ከፖላንድ ነው። በ2025 በታተመ ጥናት በአራት የምርመራ ማዕከሎች የሚሠሩ፣ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በኮሎኖስኮፒ ማለት በትልቁ አንጀት መመልከቻ መሣሪያ የሚያደርጉት ምርመራ ተመዘነ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ማዕከሎቹ ከመግባቱ በፊት፣ ከመቶ 28.4 በሚሆኑ ምርመራዎች ላይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ጭማሪ ሥጋ ያገኙ ነበር። መሣሪያውን መጠቀም ከለመዱ በኋላ ያለ መሣሪያው በሠሩ ጊዜ ግን ያገኙት ከመቶ 22.4 ነው። በእርግጥ ይህ ጥናት የነበረውን ሁኔታ በመመልከት የተደረገ እንጂ በዕጣ የተመደበ ሙከራ ስላልሆነ፣ የቅነሳው ምክንያት መሣሪያው ብቻ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ቢሆንም ጥያቄውን ከባድ ያደርገዋል። የነበረውን ችሎታ የሚያደክም ነገር፣ ገና ያልበቀለውን ችሎታ ምን ያደርገው ይሆን? ነባሩ ሐኪም የሚረሳው ነገር አለው። ተማሪው ግን የሚረሳውም የለውም፤ ሳይማረው ይቀራልና።

በዚህ ላይ የሚሰነዘር ተቃውሞ አለ። «የሒሳብ መኪና ከተገኘ ወዲህ በእጅ የሚያባዛ የለም፤ መሣሪያው በየቦታው ካለ ያለ እርሱ መሥራትን መማር ለምን ያስፈልጋል?» ይባላል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የሒሳብ መኪና 7 በ8 ሲባዛ ዛሬ 56፣ ነገ 54 አይልም። ይህኛው መሣሪያ ግን በተሳሳተ ጊዜም ድምፁን አይለውጥም። የተሳሳተበትን ለይቶ ማወቅ የሚችለው ያለ እርሱ መሥራት የሚችል ሰው ብቻ ነው። «ሐኪሙ ይቈጣጠረዋል» እየተባለ የሚሰጠው ዋስትና ሁሉ የቆመው መቈጣጠር የሚችል ሐኪም አለ በሚል ተስፋ ላይ ነው። ያን ሐኪም የሚያፈራው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ነው። በተጨማሪም መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጤና ጣቢያ የሚመደብ ሐኪም መሣሪያው «በየቦታው አለ» በሚል አባባል ሊጽናና አይችልም።

በአገራችን የቅኔ ቤት የማስተማር ሥርዐት በዚህ ረገድ የሚያስታውሰን ነገር አለ። ተማሪው በመጀመሪያ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ቀጥሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጐደለውን ያርምለታል። መምህሩ ሊቅ ስለ ሆነ ተማሪው መቍጠሩ ይቅር የሚል የለም። እርማቱ ትምህርት የሚሆነው ተማሪው አስቀድሞ የራሱ የሆነ፣ ሊታረም የሚችል ነገር ሲያቀርብ ነውና። መልሱን አስቀድሞ ያገኘ ተማሪ የሚታረምለት ነገር የለውም።

፬. ከጽሑፍ የተወረሰ ስሕተት

መሣሪያው የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። የተጻፈውም ሁሉ እውነት አይደለም፤ እውነት የነበረውም አንዳንዱ ተሽሯል። ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነን የኩላሊት ምርመራ ነው።

የኩላሊትን ሥራ ከደም ምርመራ ለመገመት የሚያገለግል ቀመር አለ። በ2009 የወጣው ቀመር ሰውዬው ጥቍር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር፤ ማለት 16 ከመቶ ያህል ከፍ ያደርገው ነበር። ከዚህ የተነሣ የደም ውጤታቸው፣ ዕድሜያቸውና ጾታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ የጥቍሩ ኩላሊት በወረቀት ላይ የተሻለ ጤነኛ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ልዩ ሐኪም የሚላክበትና ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ተራ የሚይዝበት ጊዜም ሊዘገይ ይችላል። በ2021 ይህ የዘር ማባዣ የሌለበት አዲስ ቀመር ወጣ።

በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በዚያን ጊዜ የታወቁ አራት የቋንቋ መሣሪያዎችን ዘጠኝ ጥያቄዎች ጠየቋቸው፤ እያንዳንዱንም ጥያቄ አምስት አምስት ጊዜ ደጋገሙት። ሁሉም መሣሪያዎች አንድ ቦታ ላይ በዘር ላይ የተመሠረተ፣ የተሻረ ወይም መሠረት የሌለው የሕክምና አባባል እንደ ትክክለኛ ዕውቀት አድርገው አቅርበዋል። በኩላሊት ቀመርና በሳንባ የመያዝ ዐቅም ላይ የሰጧቸው መልሶች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ደግሞም ለአንዱ ጥያቄ በተደጋገመ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ስለ ታደሱ ዛሬ ያንኑ ይላሉ ማለታችን አይደለም። የምንለው፣ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ካስተዋልን የሚደገም ዓይነት ነው። የቆየው ጽሑፍ ከአዲሱ ይበዛል፤ መሣሪያውም የሚማረው ከብዛት ነው። አሮጌ መጽሐፍ የታተመበት ዓመት በሽፋኑ ላይ ስለሚታይ አንባቢው ይጠነቀቃል። የመሣሪያው መልስ ግን ሁልጊዜ የዛሬ መስሎ ይታያል።

ለእኛ ደግሞ የቋንቋ ነገር ይጨመርበታል። የሕክምና ትምህርት በአገራችን በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ሕመምተኛው ግን ሕመሙን የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። መሣሪያዎቹ የተማሩበት ጽሑፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። አንዲት እናት ልጄን «የወፍ በሽታ» ይዞታል ብትል፣ ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ምናልባት ጉበቱ ታምሟል ማለቷ ነው። ቃሉ እንዳለ ቢተረጐም ግን ስለ አእዋፍ በሽታ የሚናገር ይሆናል። «ምች መታኝ» የሚለውን፣ «ልቤን ያቃጥለኛል» ብሎ እጁን ከልቡ ሳይሆን ከጨጓራው ላይ የሚያደርገውን ሰው እንዲሁ አስቡት። በእንግሊዝኛ ብቻ ከሚናገር የኮምፒዩተር ሕመምተኛ ጋራ ሲለማመድ የቆየ ተማሪ፣ በሥርዐት ተደርድሮ የሚቀርብለትን የሕመም ታሪክ ይለምዳል። ከእውነተኛው ሰው ጋራ ሲገናኝ ግን መስማት ይሳነዋል። መስማት ደግሞ የምርመራ መጀመሪያ ነው።

፭. የሕመምተኛው ምሥጢር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህ ምሳሌ ሕመምተኛው እንዲናገር ይመክራል። ነገር ግን የተናገረው እንደማይባክን ሐኪሙ ካልጠበቀለት ምክሩ ወጥመድ ይሆንበታል። በ1948 የወጣውና በ2017 የተሻሻለው የጄኔቫ የሐኪሞች መሐላም ሐኪሙ የተነገረውን ምሥጢር ሕመምተኛው ከሞተ በኋላ እንኳ እንዲጠብቅ ያስገድዳል።

አንድ ተማሪ ጧት መምህሩ ከአልጋ አልጋ እየዞረ ሲጠይቅ እንዳያፍር በማሰብ፣ ማታ የሕመምተኛውን ካርድ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለመሣሪያው ቢሰጥ ምን አደረገ? ማወቅ መፈለጉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የሰው ገመና በሌላ አገር ወደሚገኝ ኩባንያ ኮምፒዩተር ልኳል፤ ካስገባው በኋላም መልሶ ሊያወጣው አይችልም። ስም ማጥፋት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ከትንሽ ወረዳ የመጣች፣ ዕድሜዋ የታወቀ፣ ብዙ ሰው የማይታመመውን በሽታ የታመመች ሴት ስሟ ባይጻፍም የሚያውቃት ያውቃታል።

በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ስለ ሰው ጤና የሚገልጽ መረጃም ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ወገን ነው። ስለዚህ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ተማሪው ግን ይህን ለራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው መተው አይገባም፤ ወደ ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።

፮. ስለ ኀላፊነትና ስለ መምህሩ ፍትሕ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 በሰው ሠራሽ አስተውሎትና በጤና ላይ ባወጣው መመሪያ ስድስት መሠረታዊ ሐሳቦች አቅርቧል። ከእነዚህም ውስጥ የሰው ልጅ ነፃ ውሳኔ መጠበቅ፣ አሠራሩ ግልጽና የሚገባ መሆን፣ ተጠያቂነትና እኩልነት ይገኙበታል። በ2024 ደግሞ ጽሑፍና ሥዕል ስለሚያቀናብሩት መሣሪያዎች ተጨማሪ መመሪያ አውጥቷል። ሐሳቦቹ መልካም ናቸው። በትምህርት ቤት ውስጥ ሲተረጐሙ ግን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። መሣሪያ አይማልም፤ አይከሰስም፤ ሌሊትም አይጸጸትም። ስለዚህ «መሣሪያው ነው ያለኝ» የሚል ምክንያት ከተማሪም ከመምህርም ሊሰማ አይገባውም።

ኀላፊነቱ በተማሪው ላይ ብቻ የሚጣል እንዳይመስል የመምህራንንም ድርሻ መናገር ይገባናል። አንዳንድ ኮሌጆች ተማሪው የጻፈውን ጽሑፍ መሣሪያ ጽፎት እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ መሣሪያ ይጠቀማሉ። በ2023 በታተመ የስታንፎርድ ጥናት ሰባት እንዲህ ያሉ መርማሪዎች፣ እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና በገዛ እጃቸው በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ላይ ተሞከሩ። በአማካይ ከመቶ 61 የሚሆኑትን ድርሰቶች በሐሰት የመሣሪያ ሥራ ናቸው አሏቸው። እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋቸው የሆኑ የአሜሪካ ልጆች የጻፉትን ግን ከሞላ ጐደል በትክክል ለዩ። ምክንያቱም በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው የተለመዱ ቃላትን ስለሚያዘወትር፣ አጻጻፉ ለመርማሪው የተገመተ ይመስላል። ይህ የሚነካው በቀጥታ እኛን ነው። ተማሪው የመሣሪያውን ቃል ሳይመረምር እንዳይቀበል የሚያስተምር መምህር፣ እርሱ ራሱ በመሣሪያ ቃል ብቻ ተማሪን ሊቀጣ አይገባውም። ጥርጣሬ ያለበት መምህር ተማሪውን ጠርቶ ስለ ጻፈው ነገር በቃል ይጠይቀው፤ ያወቀና ያላወቀ በጥቂት ደቂቃ ይለያል።

፯. ማጠቃለያና አሳብ

ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ የሚሰበሰበው ወደ አንድ ነጥብ ነው። መሣሪያው በትምህርት ላይ የሚያደርሰው ጥቅምና ጉዳት የሚለየው በአብዛኛው በቅደም ተከተሉ ነው። ያው መልስ ተማሪው ከፈረደ በኋላ ሲመጣ እርማት ነው፤ ሳይፈርድ ሲመጣ ግን ምርኩዝ ነው። በዚህ መሠረት ለኮሌጃችን መምህራንና ተማሪዎች የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

1ኛ፤ በማናቸውም የልምምድ ትምህርት ተማሪው የሕመሙን ግምት ከነምክንያቱ በጽሑፍ ካስቀመጠ በኋላ ብቻ የመሣሪያውን አስተያየት ይመልከት። ልዩነት ካለም ማን ትክክል እንደ ሆነ ሳይሆን ለምን እንደ ተለያዩ ይወያዩበት።

2ኛ፤ መምህራን አንዳንድ ጊዜ የተሳሳተ የመሣሪያ መልስ ለልምምድ ያቅርቡ። ተማሪን በማታለል ማስተማር ግን አይገባም። ስለዚህ ከሚቀርቡት መልሶች መካከል ስሕተት እንዳለበት አስቀድሞ ይነገር፤ የትኛው እንደ ሆነ ብቻ አይነገር። በመጨረሻም ሁሉም ተገልጦ ይታረም፤ ማንም ስሕተቱን እንደ ያዘ ከክፍል አይውጣ።

3ኛ፤ ቢያንስ ከፈተናዎቹ አንዱ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ፣ ያለ ምንም መሣሪያና በሕመምተኛው ቋንቋ ይደረግ።

4ኛ፤ የሕመምተኛ ካርድ፣ የራጅ ሥዕልና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ክፍት ወደ ሆነ መሣሪያ ፈጽሞ አይግባ። ለጥናት የሚያስፈልግ ሲሆን በኮሌጁ የተፈቀደ መንገድ ይዘጋጅ፤ ሕመምተኛውም በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ይስማማ ወይም እምቢ ይበል። እምቢ ማለቱም ሕክምናውን አይንካበት።

5ኛ፤ ተማሪው በመሣሪያ ተረድቶ የጻፈውን ጽሑፍ ይህንኑ ይግለጽ፤ ስለ ገለጸም አይቀጣ። ያለ ሌላ ማስረጃ በመርማሪ መሣሪያ ቃል ብቻ ማንም አይከሰስ።

እነዚህ አሳቦች ጊዜ እንደሚወስዱ እናውቃለን። መምህሩ ስድሳ ተማሪ ይዞ የእያንዳንዱን ግምት ማንበብ ይከብደዋል፤ ተማሪውም መልሱ በእጁ እያለ ግማሽ ሰዓት በጨለማ መዳከሩ ያሰለቸዋል። ቢሆንም ያ ግማሽ ሰዓት ትምህርቱ ራሱ ነው። መሣሪያው ከብዙ ድካም ሊያሳርፈን ይችላል፤ ጽሑፍ ከመገልበጥና መዝገብ ከመፈለግ ቢያሳርፈን ደስ ይለናል። ከማሰብ ድካም ካሳረፈን ግን ያን ድካም ቈይቶ የሚሸከመው ሕመምተኛው ነው።

ከመምህራኖቻችንና ከጓደኞቻችን መካከል በዚህ አሳብ የማይስማሙ እንደሚኖሩ እንገምታለን። ተቃውሟቸውን በዚሁ መጽሔት በሚመጣው እትም ቢጽፉልን፣ ነገሩ ገና ሥርዐት ያልተበጀለት ስለ ሆነ ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።